ለራሕማ የዘጋሁት በር

እህቴ ራሕማ ጡቷ ላይ ያለውን ነገር ያገኘችው ቦሌ ለሚ፣ ፋብሪካው ውስጥ፣ ልብስ ስትቀይር ነው። ሸሚዝ ሰፊ ነበረች። ማታ እኔ ቤት መጥታ "ሽምብራ ታክላለች፣ አታምም" አለችኝ። እጄን ሰድጄ ዳሰስኳት። ሽምብራ አይደለችም፣ ባቄላ ናት።

"ነገ ሐኪም ቤት ነን" አልኳት።

"ነገ ፈረቃ አለብኝ።"

"ፈረቃውን ለኔ ተይው።"

በማግስቱ የፋብሪካው ሰርቪስ ላይ ወጥቼ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩ ጎትቼ አወረድኳት። እኔ ፈሂማ እንዲህ ነኝ። እናታችን ስትሞት ራሕማ የወተት ጥርሷን እንኳ አልነቀለችም ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እሺ ብላኝ አታውቅም፤ እኔም እሺ እስክትለኝ ቆሜ አላውቅም።

ሆስፒታል በመርፌ ወጉ፣ ቀዱ፣ መረመሩ። ዶክተር እዝራ የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ነው የነገረን። ካንሰር ነው አለ። ግን ቶሎ ደርሳችኋል፣ ሌላ ቦታ አልሄደም፣ ጡቱ ከተቆረጠ ትድናለች አለ። ራሕማ አላለቀሰችም። "መቼ ነው?" ብቻ አለችው። ረመዳን ከመግባቱ በፊት ቀጠሮ ሰጣት። ለሰው የነገርነው ግን እብጠት ልታስወጣ ነው ብለን ነው። ያንን ስም በሰው ፊት የሚጠራ የለም። ስሙ ከተጠራ ሰውየው ተቀበረ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያይሽ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። ራሕማ ደግሞ ከንፈር መምጠጥ አትወድም።

ከዚያ መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ አሉ።

ከሆስፒታል ደወሉ። ኦፕራሲዮን ቆሟል፣ ከድንገተኛ በቀር አይሠራም፣ እኛው እንደውላለን። እኔ ስልክ ላይ ሰው አላምንም። ተነስቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው እንደ ሽጉጥ ያለ ነገር ግንባሬ ላይ ደገነብኝ፣ ሙቀት ነው አለኝ፣ ቢሆንም አያስገባም አለኝ። እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ዶክተር እዝራ ሲወጣ መኪናው ፊት ቆምኩበት። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

"እናቴ፣ ድንገተኛ ብቻ ነው የምንሠራው።"

"ድንገተኛ ምንድነው?"

"ዛሬ ካልተሠራ የሚሞት ሰው ነው።"

"የኔ እህት መች ስትሞት ነው እንግዲህ ድንገተኛ የምትሆነው?"

መሪውን ያዝ ለቀቅ አደረገ። ክፉ ልጅ አይደለም። እሷ የምትተኛበት ፎቅ እንዳለ ለኮሮና ተለቋል፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉን መተንፈሻ ማሽን ሳይቀር ወስደውታል ብሎ አስረዳኝ።

"ፎቁ ላይ ስንት በሽተኛ ተኝቷል?" አልኩት።

"እስካሁን... ባዶ ነው። ለሚመጣው ነው የተዘጋጀው።"

ላልመጣ እንግዳ አልጋ ተነጥፏል፤ የመጣችው እህቴ ደጅ ቆማለች። ይህንኑ ነገርኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። ማወቁ ምን ያደርግልኛል? እስከዚያው ትዋጠው ብሎ ኪኒን አዘዘላትና መስኮቱን ዘጋ።

ኪኒኑን ዋጠች፣ ጠበቅን። ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ዒድ አለፈ። ክረምት ገባ። በየቀኑ ወደ ሆስፒታል ስደውል መጀመሪያ የምትመልስልኝ ያቺ ድምጿ የተቀዳው የስልኳ ሴትዮ ናት፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ። "ታጥቤያለሁ እኮ! አሁን ስልኩን አንሱት!" እያልኩ እጮህባት ነበር። ባሌ ሰዲቅ "ሴትዮዋ ሳትሰማሽ አትቀርም፣ ድምጿ እየፈራ መጥቷል" እያለ ይስቃል። የራሕማ ባቄላ ግን አልሳቀችም። ክረምቱ ሲጋመስ የቄብ እንቁላል አክላ ነበር።

ነሐሴ ላይ ተደወለ። ኦፕራሲዮን በጥቂቱ ተጀምሯል፣ ራሕማ ተራዋ ደርሷል። ግን ሁለት ሳምንት ከሰው ተለይታ ትቆያለች፣ ከዚያ ትመረመራለች። ኮሮና ከተገኘባት ተራዋ ለሌላ ይሰጣል፣ እንደገና መቼ እንደሚደርሳት አይታወቅም። ያ ነው የተነገረኝ። እኔም ያ ነው የገባኝ። አንድ ሰው ቢያስልባት እህቴ ሞተች።

ራሕማ የምትኖረው ፋብሪካው አካባቢ ነው፣ ውሃውም ሽንት ቤቱም የጋራ የሆነ ግቢ ውስጥ ተከራይታ። በዚያኑ ቀን ጎሮ እኔ ቤት አመጣኋት። የውስጠኛውን ክፍል ሰጠኋት። ሱቄን ዘጋሁ። ልጆቼ አረብ አገር ናቸው፣ እነሱ አያሰጉም። የሚያሰጋው ሰዲቅ ነው። ከኢምፔሪያል ጎሮ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ስንት ትንፋሽ ተሸክሞ ይገባል!

"አንተ ሱቅ ትተኛለህ" አልኩት።

"ከማን ጋር?"

"ከጤፉ ጋር።"

"ሴትዮ፣ ጎረምሳ ሆኜ ካገባሁሽ ጀምሮ ካንቺ ጋር ተኝቼ፣ ዛሬ ጤፍ ላይ ልትጥይኝ?"

"ጤፍ አያስልም።"

"አያንኮራፋምም" አለና ትራሱን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ወጣ። ሱቁ ውስጥ እስከ መጨረሻው ተኛ። አንድ ቀን እንኳ ደጁን አላለፈም። ሰዲቅ ሲቀልድም ነገር ይገባዋል።

ጎረቤት ግን አይገባውም። በሽተኛ ወዳለበት ቤት አለመሄድ እኛ ዘንድ ስድብ ነው። ኦፕራሲዮን ልትገባ ወዳለች ሴት አለመሄድማ ቂም ነው። የመጀመሪያዋ ማዶ ያለችው ኣምለሰት ነች። የትግራይ ሰው ናት፣ ባሏ ዓንዶም ብረታ ብረት ይነግዳል። እኔን ታከብረኛለች፤ የምትወደው ግን ራሕማን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሲሳሳቁ ከመንገድ ይሰማሉ። ሕምባሻ በጨርቅ ጠቅልላ መጥታ በሩን በእግሯ መታች።

"ፈሂማ፣ ክፈቺልኝ እንጂ፣ ትኩስ ነው፣ እጄን ፈጀኝ!"

"አልከፍትም። ሐኪሙ ሰው እንዳይነካት ብሏል።"

"እኔን?"

"ሰውን ሁሉ።"

"እኔ ሰው ሁሉ ነኝ?"

"ድንጋዩ ላይ አስቀምጪው። ስትሄጂ እወስደዋለሁ።"

በቆርቆሮው አጥር ስንጥቅ አየኋት። ፊቷ ጠቆረ። "እንዲህ የሚቀመጠው ለውሻ ነው" አለች። አስቀመጠችውና ሄደች። እኔም አስገብቼ ምጣዱ ላይ ከሰል እስኪመስል አገላበጥኩት።

"አቃጠልሽው" አለች ራሕማ።

"ኮሮናው ተቃጠለ።"

"ሕምባሻውም። ኣምለሰትም። አንቺ በቁሜ ቀብረሽኛል።"

"አልቀበርኩሽም። አስቀምጬሽ ነው።"

"እንደ በርበሬ?"

"እንደ ወርቅ።"

"ወርቅ እኮ ከሣጥን የማይወጣ ከሆነ ድንጋይ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። አታናግረኝ። በሕይወት ኖራ ዕድሜ ልኳን ትኩረፈኝ።

ብዙ ሰው ከደጅ መለስኩ። ሃይደር ባለሥጋ ቤቱን፣ የፋብሪካ ጓደኞቿን ትግስትንና ናኦሚን፣ የሰዲቅን ወንድም። ጎሮ ውስጥ ስሜ ጠፋ። "ኮሮና ፈሂማን ቢያገኛት ራሱ ይታመማል" ብለው ይስቃሉ አሉ። ይሳቁ።

የከበደኝ የሐጃ ሉባባ አመጣጥ ነው። ሐጃ ከወሎ የመጣን ሰዎች ሁሉ እናት ናቸው። ሰው ሊወልድ፣ ሊሄድ፣ ሊታከም ሲል ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ። እሳቸው ዱዓ ያላደረጉለት መንገደኛ መንገዱ የሚቀና አይመስለንም። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ሴቶቹን አስከትለው በሬ ላይ ቆሙ።

"ፈሂማ!"

"አቤት፣ ሐጃ።"

"ልጂቱ ቢላ ልትገባ ነው አሉኝ።"

"አዎ፣ ሐጃ።"

"ዱዓ ሳይደረግላት?"

"ሐጃ፣ ድና ትምጣና በግ አርዳለሁ፣ ቤቱን ሞልታችሁ ታድራላችሁ።"

"ድና ከመጣችማ ሹክር ነው፣ ምስጋና ነው። ዱዓ የሚደረገው በፊት ነው። ልጄ፣ ዳቦ ከተጋገረ በኋላ ነው እንዴ እርሾ የሚገባው?"

"ሐጃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልከፍትም።"

"አላህን ከደጅ ልትመልሺ ነው?"

"አላህን አይደለም። ትንፋሻችሁን ነው።"

ሴቶቹ "አዑዙቢላህ!" ብለው አፋቸውን ያዙ። ያን ጊዜ ራሕማ መስኮቱን በርግዳ ጮኸች። "ዱዓ ሳይደረግልኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም! ቢላውንም ይተዉት! ሰምተሻል ፈሂማ?"

ሰማኋት። ድምጿን አውቀዋለሁ፤ ያለችውን ታደርጋለች። እኔ ነኝ ያሳደግኳት አልኩ አይደል።

"እሺ፣ ይደረግ። ግን ከአጥሩ ውጭ" አልኩ።

የሚሉትን አሉኝ። በኋላ ግን ሐጃ ሉባባ "አላህ ቆርቆሮ አይከለክለውም፣ ተቀመጡ" አሉ። ካፊያው ላይ፣ በርጩማና ማዳበሪያ ይዘው አጥሬን ተደግፈው ተቀመጡ። ራሕማ መስኮቱ ጋ መዳፏን ዘረጋች። እኔ በመሃል የበሩን መቀርቀሪያ ይዤ ቆምኩ። የሐጃ ድምፅ እየሻከረ ከቆርቆሮው በላይ መጣ። "ቢላው ማር ይሁንላት። የሚቆርጣት እጅ የረሕመት እጅ ይሁን።" "አሚን" ይላሉ ሴቶቹ። ሚኒባስ ክላክሱን እየነፋ ያልፋል፣ እንደገና "አሚን"። በስንጥቁ ማዶ ሳይ ኣምለሰት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በራፏ ላይ ቆማለች። የሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

ሲያበቁ ራሕማ ጮኸች። "አፉ በሉኝ! ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ አፉ በሉኝ!"

"አፉ ብለናል! አንቺም አፉ በይን!"

"ፈሂማንስ?" አለች አንዷ።

"ፈሂማን እህቷ ድና ስትወጣ እንነጋገራለን" አሉ ሐጃ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ከበሩ ኋላ ሳቅኩ፤ አላዩኝም እንጂ።

ምርመራው መጣ። አፍንጫዋ ውስጥ እንጨት ነገር ከተቱ። የለባትም አሉ። ወላሂ፣ ያን ቀን ንጉሥ የሆንኩ መሰለኝ። ያንን ሁሉ ሰው ያስቀየምኩት በከንቱ አይደለም ማለት ነው። ሆስፒታል ይዣት ስገባ ዘበኛው ያንን ሽጉጡን ሲደግንብኝ "ተኩስ" አልኩት፤ ሳቀ።

አስተኟት። ጠዋት ዶክተር እዝራ መጥቶ የሚቆርጥበትን ቦታ በቀለም አሰመረ። ራሕማ አረንጓዴውን ጋውን ለብሳ፣ ፀጉሯን በላስቲክ ሸፍነው፣ በሚገፋው አልጋ ላይ ሆና ወደኔ ዞረች።

"ስወጣ መጀመሪያ የምሄደው ኣምለሰት ቤት ነው" አለችኝ። "አንቺን ለሁለት ሳምንት ማየት አልፈልግም። ሐኪም ከልክሎኛል እልሻለሁ።"

"ዳኚና አትይኝ" አልኳት። ገፍተው ይዘዋት ገቡ።

ወንበሩ ላይ ገና ቂጤ ሳይሞቅ ተመልሳ መጣች። ዓይኗ እንደተከፈተ ነው። ዶክተር እዝራ ከኋላዋ አለ።

"ጨረሳችሁ?" አልኩ።

"አልጀመርንም።"

የማደንዘዣ ባለሙያችን የምርመራ ውጤት አሁን መጣ አለኝ ዶክተሩ። ኮሮና አለበት። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ሁላችንም አብረነው ሠርተናል፣ አብረነው በልተናል። ሁላችንም ቤታችን ልንዘጋ ነው፣ ክፍሉም ይዘጋል።

"ከየት አመጣው?" አልኩት።

"ምን ይታወቃል... አጎቱ ሞቶበት ለቅሶ ላይ ነበር።"

እኔ ሐጃ ሉባባን ካፊያ ላይ አስቀምጬ፣ ባሌን ጤፍ ላይ አስተኝቼ፣ የእህቴን ጓደኛ እንደ ውሻ መልሼ፣ እነሱ ለቅሶ ተቀምጠዋል።

"እሷን እኔ ዘግቼ ጠበቅኳት" አልኩት። "እናንተን ማን ዘጋችሁ?"

"ማንም" አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ያልቅስ። እኔ ለሱ እንባ የማዋጣው የለኝም።

ራሕማ አልጋው ላይ ሆና "ቀለሙ ይለቃል?" ብላ ጠየቀችው።

በሁለት ሦስት ሳምንት እንደውላለን አሉ። ዘመን ተለወጠ፣ መስቀል አለፈ። የስልኳ ሴትዮ እጃችሁን ታጠቡ ትላለች። በሩን አልከፈትኩም፤ ነገ ቢደወልስ? ራሕማም መጨቃጨቁን ተወች። ከዚያ ማሳል ጀመረች።

ኮሮና ነው ብዬ እንደ እብድ ሆንኩ። በየት ገባ? በየትኛው ቀዳዳ? ይዣት ሮጥኩ። መረመሯት። ኮሮና የለባትም አሉ። ደረቷን ፎቶ አነሷት። ዶክተር እዝራ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አየው። ያ ነገር ሳንባዋ ውስጥ እንደ ተበተነ ጠጠር ተዘርቷል።

"አሁን ጡቱን መቁረጥ አይጠቅማትም" አለ። "መድኃኒት እንሰጣታለን፣ ያስታግስላታል።"

"ተራዋ ደርሷል ብላችሁ ነበር እኮ።"

"ደርሶ ነበር።"

ራሕማ ወንበሩ ላይ ቀና አለች። "ዶክተር፣ ረመዳን ሳይገባ በቀጠሮዬ ብትቆርጠኝ ኖሮ?"

ሊዋሽ ፈልጎ ነበር። ሲፈልግ አየሁት። "ሳትድኚ አትቀሪም ነበር" አለ።

ሰዲቅ በሚኒባሱ ነው የመለሰን፤ ሰው አልጫነም። ቤት ስንደርስ ራሕማ "በሩን ክፈቺው" አለች። ሁለቱንም ተካፋች በረገድኩት። ማንም አልመጣም። ሳሏ ከኛ በፊት ሰፈሩን አዳርሶታል። "የኮሮና ቤት" ሆነናል። ትናንት ስከለክላቸው የሰደቡኝ ሰዎች ዛሬ በሬ ጋ ሲደርሱ ወደ ማዶ ይሻገራሉ።

ራሕማ ወንበር አስወጥታ በራፍ ላይ ተቀመጠች። ሃይደር ባለሥጋ ቤቱ ከማዶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አላህ ያሽርሽ!" ብሎ ጮሆ አለፈ። ኣምለሰትን ራሷ ጠራቻት። ኣምለሰት ወጣች፣ መንገዱ መሃል ድረስ መጣችና ቆመች።

"ራሕማዬ... ሉላ አስም አለባት። ልጄ ናት።"

"ገብቶኛል" አለች ራሕማ። "ዘግተሽ ያዣት።"

ያኔ አቃተኝ። መንገዱ ላይ ወጣሁ። "ኮሮና አይደለም!" ብዬ ጮህኩ። "ተመርምራለች! ካንሰር ነው! ካንሰር ነው፣ አይተላለፍም! ምን ትሸሻላችሁ?"

መንገዱ ቀጥ አለ። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሳይቀሩ በመስኮት ዞሩ። ኣምለሰት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ራሕማ ቀስ ብላ "ምነው ዝም ባልሽ" አለችኝ። "ኮሮና ነው ብለው ቢተዉኝ ይሻለኝ ነበር። ከኮሮናማ ሰው ይድናል። ሲያልፍልኝ ይመጡ ነበር።"

መጡ። በዚያው ቀን መምጣት ጀመሩ። ቤቱ ሞላ። ማስክ የለም፣ ርቀት የለም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። ግን የሚመጡት ቀስ ብለው ነው፤ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይናገሩ ዳር ዳሩን ይቀመጣሉ። ትግስትና ናኦሚ እንደገቡ ማልቀስ ጀመሩ። ኣምለሰት የራሕማ እግር ላይ ተደፋች። ራሕማ መሃል ላይ ተቀምጣ አየቻቸውና "ድንኳኑስ?" አለች። "ድንኳኑን ረሳችሁት።" ማንም አልሳቀም። ድሮ ኣምለሰት ትስቅላት ነበር።

ሰዲቅ "በደህናው ጊዜ ብታስገቢያቸው ኖሮ እኮ ሳቃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር" አለኝ አንድ ቀን። ነገር ፍለጋ አይደለም፣ አዝኖ ነው። ነገ እንደዚያው ቢሉኝ ደግሜ እዘጋዋለሁ አልኩት። ተራ ነበራት። ተራ ላለው ሰው በር ይዘጋል። እኔ የኔን ሠርቻለሁ።

ጥር ላይ ሞተች፣ ከእኩለ ቀን በኋላ። ሐጃ ሉባባ ሊያጥቧት መጡ። አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሴቶች ግን ሳሏን ያስታውሳሉና በራፉ ላይ ቆሙ። አንደኛዋ ሻሿን አፏ ላይ ሰብስባ "ፈሂማ፣ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው፣ ኮሮና ነው እንዴ?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት። "ኮሮናማ አጠገቧ አልደረሰም። እሱን ከልክዬዋለሁ። ግቢና ውሃውን ያዢልኝ።"

ገባችና ያዘችልኝ።